አንድ ስም፣ ሁለት ገበታ

ለሰው ልጅ ሕልውና መሠረት ከሆኑት ነገሮች መካከል ምግብ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዝ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ምግብ ሲነሣ ዘወትር ጎልቶ የሚሰማው «ይበቃል ወይስ አይበቃም?» የሚለው ጥያቄ ነው። «በውስጡ ያለው ምንድን ነው? የጥራቱን ደረጃ የወሰነው ማን ነው? የተወሰነውስ ለማን ጥቅም ሲባል ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ወደ ኋላ ይቀራሉ። እህሉን ከገበያ መርጣ ገዝታ፣ ለቅማና አበጥራ ወፍጮ ቤት የወሰደች እናት ለልጇ የምታገነፋው ገንፎ ከምን እንደተሠራ ታውቃለች። በጣሳና በካርቶን ታሽጎ ከባሕር ማዶ የመጣውን የሕፃን ምግብ የምትገዛ እናት ግን የምታውቀው በመለያው ላይ ያለውን ሥዕልና የኩባንያውን ስም ብቻ ነው። የቀረውን የምትቀበለው በእምነት ነው።

ይህ እምነት ምን ያህል መሠረት እንዳለው ለመመርመር አንድ ተጨባጭ ማስረጃ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በሚያዝያ ወር 2024 ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊትዘርላንድ ድርጅት፣ የሕፃናትን ምግብ ጉዳይ ከሚከታተለው አይብፋን ከተሰኘው ዓለም አቀፍ መረብ ጋር በመተባበር አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ እንዳመለከተው ኔስሌ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ስድስት ወር ለሞላቸው ሕፃናት የሚያዘጋጀው ሴሪላክ የተሰኘ የስንዴ ምግብ በጀርመንና በብሪታንያ ሲሸጥ የተጨመረ ስኳር የለበትም። ለኢትዮጵያ ገበያ በሚቀርበው ላይ ግን በአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠን ከ5 ግራም በላይ፣ በታይላንድ ደግሞ 6 ግራም የተጨመረ ስኳር ተገኝቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ገና ጥርስ ያላበቀለው የአዲስ አበባ ሕፃን በየመመገቢያው ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ሲሰጠው፣ የበርሊንና የለንደን እኩያው ምንም አይሰጠውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነጥብ አለ። ኩባንያው ስኳር ያልተጨመረበትን ምግብ ማዘጋጀት አላቃተውም። ለአንዱ ሕፃን እያዘጋጀ ለሌላው ነፈገው እንጂ ዕውቀቱም መሣሪያውም በእጁ ነው። ስለሆነም የምግብ ጥራት የዕውቀትና የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የኃይል ሚዛን ጉዳይ ነው። ሕዝብ በተደራጀበት፣ ሕግ ጥርስ ባለውና ገዢው ስለሚገዛው ነገር ጠይቆ በሚያውቅበት ቦታ ጥሩው ምግብ ይቀርባል። ይህ በሌለበት ቦታ ትርፉ የፈቀደው ይቀርባል። ይህ አባባል ከስሜት የመጣ አለመሆኑን የሕፃናት ምግብ ታሪክ ራሱ ያረጋግጣል።

የዱቄቱ ጉዞ ከቬቬይ እስከ ሲንጋፖር

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በ1867 ሄንሪ ኔስሌ የተባለ፣ በትውልዱ ጀርመናዊ የሆነ የመድኃኒት ቀማሚ፣ ቬቬይ በተባለችው የስዊትዘርላንድ ከተማ ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ለገበያ አቀረበ። በዚያን ዘመን በአውሮፓ የሠራተኛ መንደሮች የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ ነበርና፣ እናቱ የሞተችበት ወይም ጡት ለማግኘት ያልቻለ ሕፃን የነበረው ዕድል ጠባብ ነበር። ስለዚህ የፈጠራው ሥራ በራሱ የሚወቀስ አይደለም። ወቀሳው የሚጀምረው ለጥቂት ችግረኛ ሕፃናት የታሰበው ምግብ የትርፍ ሕግ ተገዥ ሆኖ፣ ጡት ለማግኘት ለሚችለውም ሕፃን ሁሉ አስፈላጊ ነው ተብሎ መሸጥ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ለኩባንያ ጡት የምታጠባ እናት ደንበኛ አይደለችም። የእናት ጡት ወተት ማሸጊያ የለውም፤ አስመጪ የለውም፤ የአክሲዮን ባለቤትም የለውም። ስለዚህ ገበያው እንዲሰፋ የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ የሚወዳደረው ከሌላ ኩባንያ ጋር ሳይሆን ከእናት ጡት ጋር ነው።

የዚህን ውድድር ውጤት ቀድመው ካስተዋሉት አንዷ ሐኪሟ ሲሲሊ ዊሊያምስ ነበሩ። እኚህ ሐኪም በ1930ዎቹ ዓመታት ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ጋና ሲያገለግሉ ክዋሺዮርኮር የተባለውን የሕፃናት የምግብ እጥረት በሽታ ከነአገሬው ስሙ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁ ናቸው። ወደ ሲንጋፖር ከተዛወሩ በኋላ የጣሳ ወተት የሚጠጡ ሕፃናት በተቅማጥና በምግብ እጥረት ሲያልቁ ተመለከቱ። በ1939 «ወተትና ነፍስ ግድያ» የሚል ርእስ በሰጡት ንግግር፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብ በሚነዛው የተሳሳተ ፕሮፓጋንዳ ምክንያት የሚደርሰው ሞት እንደ ነፍስ ግድያ ሊቆጠር ይገባል ሲሉ በአደባባይ ተናገሩ። ንግግሩ የተደረገው በቅኝ ግዛት ዘመን፣ የከተማይቱ ነጋዴዎችና ባለ ሀብቶች በተሰበሰቡበት ክበብ ውስጥ ነበር። ሰሚ ለማግኘት ግን 35 ዓመት ያህል ፈጀ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በበለጸጉት አገሮች የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር ለጊዜው ጨምሮ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ማሽቆልቆል ያዘ። ገበያው በአገር ቤት ሲጠብባቸው ኩባንያዎቹ ፊታቸውን ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ ላቲን አሜሪካ አዞሩ። ከተሞች በፍጥነት የሚያድጉበት፣ የገጠሩ ሕዝብ ሥራ ፍለጋ የሚጎርፍበት፣ «ዘመናዊ» የሚለው ቃል የሚማርክበት ጊዜ ስለነበር ምድሩ ለም ሆኖ ጠበቃቸው።

ገበያው የተከፈተበት ዘዴ

የአሠራሩን ስልት ማወቅ ለዛሬውም ይጠቅማል። ኩባንያዎቹ የነርስ ልብስ የለበሱ ሴት ሻጮችን ወደ ማዋለጃ ክፍሎችና ወደ መኖሪያ ቤቶች ያሰማሩ ነበር። ለአራሷ የነርስ ነጭ ልብስ የመንግሥትና የሳይንስ ምልክት ነው። ከዚያ ልብስ ውስጥ ያለችው ሻጭ ደመወዟን ከወዴት እንደምታገኝ አራሷ ልታውቅ አትችልም። ሆስፒታሎች ነፃ ዱቄት ወተት በገፍ ይሰጣቸው ነበር፤ እናቶችም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የናሙና ጣሳ ይዘው ይወጡ ነበር። ሬዲዮኑ በአገሬው ቋንቋ ያዜማል፤ በየመንገዱ የተሰቀለው ሰሌዳም ወዙ የሚያበራ ሕፃን ያሳያል።

ነፃ የሆነው ናሙና ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ነበር። የእናት ጡት የሚሰጠው ወተት መጠን የሚወሰነው ሕፃኑ በሚጠባው መጠን ነው። ሕፃኑ በጡጦ ጠግቦ ጡት መጥባቱን ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል፤ ጥቂት ቆይቶም ይነጥፋል። ስለዚህ የነፃው ጣሳ በሚያልቅበት ጊዜ እናት ወደ ጡቷ መመለስ ይቸግራታል። ትናንት በስጦታ የተቀበለችውን ነገ በግዢ ልታገኘው ትገደዳለች። በነፃ ተሰጠ የተባለው ነገር በእርግጥ የተገዛው በእናቲቱ ወተት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነው የድህነት ሒሳብ ነው። ደመወዙ የማይበቃው ቤተሰብ ጣሳው ብዙ ቀን እንዲቆይለት ዱቄቱን ቀንሶ ውሃውን ያበዛል። ሕፃኑ ሆዱ ይሞላል እንጂ አይመገብም። ውሃው ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ፣ ለማፍላት እንጨት የሚያስፈልገው ነው። ጡጦውን በየጊዜው መቀቀል አንዲት ክፍልና አንዲት ምድጃ ባለችው ቤት የሚቻል አይደለም። የእናት ጡት ወተት ለሕፃኑ የሚያስተላልፈው የበሽታ መከላከያም በጣሳው ውስጥ የለም። በዚህ ሁኔታ ተቅማጥ ይመጣል፤ ተቅማጡ ያከሳል፤ የከሳው ሕፃን ለሌላ ተቅማጥ ይጋለጣል። ዱቄቱ ሲመረት መርዝ አልነበረም፤ ገዳይ ያደረገው ንጹሕ ውሃ፣ ማገዶና በቂ ደመወዝ በሌለበት ቤት በማታለል እንዲገባ መደረጉ ነበር።

ሕዝብ ሲደራጅ የሆነው

በ1974 ዋር ኦን ዎንት የተባለው የብሪታንያ የፀረ ድህነት ድርጅት ማይክ ሙለር የተባለው ጋዜጠኛ ያዘጋጀውን «ሕፃን ገዳይ» የሚል ጥራዝ አሳተመ። ጥራዙ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ በስዊትዘርላንድ ሲወጣ ርእሱ «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» ሆነ። ኩባንያው አሳታሚዎቹን በስም ማጥፋት ከሰሰ። በ1976 የበርን ፍርድ ቤት ርእሱ በሕግ የማይደገፍ ነው ብሎ በተከሳሾቹ ላይ እያንዳንዳቸው 300 የስዊስ ፍራንክ እንዲከፍሉ ፈረደ። በዚያው ጊዜ ግን ዳኛው ኩባንያው የማስታወቂያ አሠራሩን ከሥር መሠረቱ እንዲያሻሽል አሳሰቡ። ከሳሹ በሕግ ፊት ረታ፤ በዓለም ሕዝብ ፊት ግን ተረታ። ጥቂት ወጣቶች ያሳተሙት ጥራዝ በክሱ ምክንያት በየአገሩ ታወቀ።

በሐምሌ ወር 1977 በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ የኩባንያውን ምርት ያለመግዛት አድማ ተጀመረ። አድማው ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኒውዚላንድና ወደ አውሮፓ ተዛመተ። የተካፈሉት የሃይማኖት ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ ተማሪዎች፣ ሐኪሞችና የቤት እመቤቶች ነበሩ። በ1978 በሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ የሚመራ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በአደባባይ መረመረ። የኩባንያው የብራዚል ቅርንጫፍ ኃላፊ ቀርበው ዘመቻውን የሚያካሂደው ነፃ የንግድ ሥርዓትን ለመሸርሸር የተነሣ ዓለም አቀፍ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ነው አሉ። ንጹሕ ውሃ በሌለበት አካባቢ ስለሚሸጠው ወተት ሲጠየቁም ይህን ኩባንያው ሊቆጣጠረው የሚችለው ጉዳይ አይደለም የሚል መልስ ሰጡ። በሌላ አነጋገር ትርፉ የኩባንያው ነው፤ ውሃው ግን የድሃው ጉዳይ ነው ማለታቸው ነበር። ይህ መልስ ከማንኛውም የአድማ በራሪ ጽሑፍ የበለጠ ሕዝብን አስተማረ።

በሕዝቡ ግፊት የዓለም የጤና ጉባዔ በግንቦት ወር 1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቀ። 118 አገሮች ሲደግፉ ሦስት ድምፅ ተአቅቦ አደረጉ። የተቃወመች አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ እርሷም አሜሪካ ነበረች። ይህንኑ የመንግሥታቸውን አቋም በመቃወም ሁለት የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ከፍተኛ ባለሥልጣናት ሥራቸውን ለቀቁ። ደንቡ ዱቄት ወተት እንዳይሸጥ አይከለክልም፤ በሕክምና ምክንያት የሚያስፈልገው ሕፃን አለና። የሚከለክለው ለሕዝብ ማስተዋወቅን፣ ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠትን፣ የጤና ሠራተኛን በስጦታ ማባበልንና በመለያው ላይ ጡጦን የሚያሞግስ ሥዕልና ጽሑፍ ማውጣትን ነው። ማስጠንቀቂያውም ገዢው በሚረዳው ቋንቋ እንዲጻፍ ያዛል።

ይሁንና ደንቡ በራሱ አስገዳጅ አይደለም። ኃይል የሚያገኘው እያንዳንዱ አገር ሕግ አድርጎ ሲያወጣው ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት፣ በ1977፣ ጡጦ ያለ ጤና ባለሙያ ትእዛዝ እንዳይሸጥ በሕግ ወስና ነበር። ፊሊፒንስ በ1986፣ ሕንድ በ1992 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ያለመግዛቱ አድማም ኩባንያው ደንቡን አከብራለሁ በማለቱ በ1984 ቢቆምም፣ ነፃ ወተት ወደ ሆስፒታሎች መጉረፉ ስላላቋረጠ በ1988 እንደገና ተነሣ። ትግሉ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ያለመሆኑ ከዚህ ይታያል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት የዱቄት ወተት ንግድ በዓመት 55 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ደግሞ በ2016 ባወጣው ጥናት የእናት ጡት ማጥባት በመላው ዓለም ቢስፋፋ በየዓመቱ የ823 ሺህ ሕፃናትን ሞት መከላከል እንደሚቻል አስልቷል። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው።

ከጡጦ ወደ ማንኪያ

የጡጦው በር በከፊል ሲጠብባቸው ኩባንያዎቹ የማንኪያውን በር አሰፉት። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን የሚሰጥ የእህል ምግብና ከአንድ ዓመት በላይ ላለው ልጅ የሚቀርብ ዱቄት ወተት ዋነኛ ገበያ ሆኑ። ከላይ የጠቀስነው የፐብሊክ አይ ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ የሚሸጡ 115 የሴሪላክ ምርቶችን መርምሮ በ108ቱ ውስጥ የተጨመረ ስኳር አግኝቷል። መጠኑ ሊታወቅ በቻለባቸው የሴሪላክ ምርቶች በአንድ መመገቢያ በአማካይ ወደ 4 ግራም ይጠጋል። ከፍተኛው 7.3 ግራም ሲሆን የተገኘውም በፊሊፒንስ ነው። በሴኔጋልና በደቡብ አፍሪካ 6 ግራም ስኳር የተገኘበት የብስኩት ጣዕም ያለው ምግብ በኩባንያው በራሱ አገር በስዊትዘርላንድ ያለ ስኳር ይሸጣል።

አንዳንዱ «ጥቂት ስኳር ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። የሕፃን ምላስ ሲወለድ ጀምሮ ጣፋጭ ይወዳል። በስድስተኛው ወር ጣፋጩን የለመደ ምላስ ሽሮውን፣ ጎመኑንና እንቁላሉን ይገፋል። ለኩባንያው ይህ የታመነ ደንበኛ ነው፤ ለሕፃኑ ግን የጥርስ መበስበስ፣ ያለ ልክ መወፈርና ካደገ በኋላ የስኳር በሽታ አደጋ ነው። በአንድ አገር ውስጥ የተቀነጨረ ልጅና ያለ ልክ የወፈረ ልጅ ጎን ለጎን የሚታዩበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ለሁለቱም አንዱ ምክንያት ሆድ የሚሞላ እንጂ ሰውነት የማይገነባ ምግብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ2020 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የተጨመረ ስኳር ፈጽሞ እንዳይሰጥ የሚመክረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ኩባንያው ለዚህ ወቀሳ የሰጠው መልስ በየአገሩ ያለውን ሕግና ዓለም አቀፉን የምግብ ደረጃ እንደሚያከብርና ባለፉት አሥር ዓመታት በሕፃናት እህል ምግቦቹ ውስጥ ያለውን የተጨመረ ስኳር በ11 በመቶ እንደቀነሰ የሚገልጽ ነው። መልሱን በጥሞና ብንመረምረው የክርክራችንን ፍሬ ነገር ያረጋግጥልናል። «ሕጉ አይከለክለኝም» ማለት «ሕጉ ቢከለክለኝ እተወዋለሁ» ማለት ነውና። ዓለም አቀፉ ደረጃ ደግሞ በሕፃናት የእህል ምግብ ላይ ስኳር መጨመርን ይፈቅዳል። በ2006 ታይላንድ የስኳሩ ጣሪያ ዝቅ እንዲል ሐሳብ ብታቀርብም ተቃውሞ ገጥሞት ሳይጸድቅ ቀረ። በሌላ በኩል በሕንድ ጥናቱ ታላቅ ቁጣ ካስነሣ በኋላ፣ በዚያው በ2024፣ የተጣራ ስኳር የሌለባቸው የሴሪላክ ዓይነቶች ለገበያ ቀርበዋል። ኩባንያው ዝግጅቱን ቀደም ብሎ እንደጀመረ ቢገልጽም፣ ለሕንድ ሕፃን የተቻለው ለሌላውም የሚቻል መሆኑ አያጠያይቅም።

በእኛ ዘንድ

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን ይመለከታል። በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገራችን ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል 59 በመቶው የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙ ነበሩ። ይህ አኃዝ ብዙ አገሮች ያላገኙት ሀብት ነው። በአንጻሩ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት መካከል ተገቢውን ዝቅተኛ አመጋገብ ያገኙት 11 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 37 በመቶው የተቀነጨሩ ነበሩ። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የውጭ ኩባንያ ነው ማለት እውነትን ማጣመም ይሆናል። ድህነቱ፣ የውሃው እጦትና ሕፃኑን በቀጭን አጥሚት ብቻ የማቆየቱ ልማድ የራሳችን ችግሮች ናቸው። ነገር ግን የጣሳው ንግድ የሚያድገው በዚሁ ክፍተት ላይ ነው። እናት የልጇን መክሳት አይታ መፍትሔ ስትፈልግ፣ ጤና ጣቢያው ከሰጣት ምክር ይልቅ የሱቁ መደርደሪያ ቶሎ ይመልስላታል።

ሁለተኛው ክፍተት በሥራ ቦታ ያለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ይህም ሠራተኞች ከቀድሞው የተሻለ ያገኙበት ድንጋጌ ነው። ይሁንና ሕክምናው የሚያዘው ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር፣ ማለትም 180 ቀን ያህል፣ ጡት ብቻ እንዲያገኝ ነው። በሕጉና በሕክምናው መካከል 90 ቀን ክፍት ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ክፍት ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች፤ ጡቷ በመኪናው አጠገብ ሲያግት ልጇ በቤት ጡጦ ይዟል። የጣሳው ገበያ የሚያርፈው በትክክል በእነዚህ 90 ቀናት ላይ ነው። እናትን «ለምን ጡት አላጠባሽም?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። የሚቀድመው ጥያቄ ግን «በየትኛው ሰዓት? በየትኛው ቦታ?» የሚለው ነው።

አገራችን ሌላ መንገድ የሞከረችበት ጊዜም ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአገር ውስጥ እህልና ጥራጥሬ ላይ ተመሥርቶ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቷል። በእህሉ የጎደለው በጥራጥሬው፣ በጥራጥሬው የጎደለው በወተቱ ዱቄት እንዲሟላ የታሰበበት ነበር። ብዙ ልጆች ያደጉበት ይህ ምግብ የአገር ውስጥ ሰብልና ሳይንስ ሲገናኙ ከባሕር ማዶ ጣሳ ሌላ አማራጭ እንዳለ ያሳየ ሥራ ነው።

ምን መደረግ አለበት?

በመጀመሪያ ደረጃ ዕውቀቱ በየመንደሩ መዳረስ ይኖርበታል። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ ተቆልቶና ተፈጭቶ የሚሠራ ወፍራም ገንፎ፣ ከጡቱ ጋር፣ መሠረቱ ነው። በላዩ ዘይት ወይም ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ ጎመን ወይም ካሮት እንደ አቅም ይታከላል። ገንፎው ለሕፃኑ ከወፈረ በውሃ ማቅጠን አይገባም። በረድ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ውሃ ሳይበዛበት ይቀጥናል፤ ከዚያም እንደገና አፍልቶ መስጠት ነው። ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል ይህን ጥቅም መስጠቱን ብዙ እናቶች አልሰሙም። ምክንያቱም ለብቅል ማስታወቂያ የሚከፍል ኩባንያ የለም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚገዛውን ዕቃ ማንበብ ልማድ መሆን አለበት። በመለያው ላይ ስኳር፣ ሱክሮስ፣ ማር ወይም የግሉኮስ ሽሮፕ የሚል ቃል ካለ የተጨመረ ስኳር አለ ማለት ነው። ማንበብ የማይችለውን የሚያነብለት ጎረቤት አያጣም። ዕድሮችና የነዋሪዎች ማኅበራት በየስብሰባቸው የአንድ ጣሳ መለያ ለአባሎቻቸው ቢያነቡና ቢያስረዱ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። መለያው በማናውቀው ቋንቋ ብቻ ሲጻፍም «በምናውቀው ይጻፍልን» ብሎ መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሠራተኛ ማኅበራት የ90ውን ቀን ክፍተት የኅብረት ስምምነት ጉዳይ ሊያደርጉት ይገባል። የማጥቢያ ዕረፍት፣ በፋብሪካው ቅጥር ግቢ የሕፃናት ማቆያ፣ ወተት አልባ ለማስቀመጥ ንጹሕ ስፍራ፣ እነዚህ ሁሉ በድርድር የሚገኙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2000 ያጸደቀው የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 ለምታጠባ ሠራተኛ ዕረፍት እንዲሰጣት ይደነግጋል። ጥያቄው የሴቶች ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የሚያድገው ልጅ የአባቱም ነው፤ በጣሳው የሚሄደው ደመወዝም የሁለቱም ነው።

በመጨረሻም የመንግሥት ተቆጣጣሪ አካላት ኃላፊነት አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለቁጥጥሩ ሕጋዊ መሠረት ይሰጣል። በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ «በትውልድ አገራችሁ ለሕፃን የማትሰጡትን ለእኛ ሕፃን አትስጡ» የሚል ግልጽ ድንጋጌ ማውጣትና በቤተ ሙከራ እየመረመሩ ማስፈጸም ይቻላል። ይህ የውጭ ንግድን መጥላት አይደለም፤ ለአንድ ስም አንድ ዓይነት ጥራት መጠየቅ ነው።

ከ1939 የሲንጋፖር ንግግር እስከ 1981 የጄኔቫ ድምፅ ድረስ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን ኩባንያዎች በራሳቸው በጎ ፈቃድ የተዉት ነገር ጥቂት መሆኑን ነው። የነርስ ልብስ የለበሰችው ሻጭ ከማዋለጃ ክፍል የወጣችው፣ ነፃው ጣሳ የተነወረው፣ ደንቡም የተጻፈው ሐኪሞች፣ እናቶች፣ ሠራተኞችና ተራ ሸማቾች በአንድነት ስለጠየቁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ፣ አንዲት እናት ብቻዋን ከሱቁ መደርደሪያ ፊት ስትቆም ደካማ ናት። በማኅበሯ፣ በዕድሯና በሥራ ቦታዋ ተደራጅታ ስትቆም ግን የበርሊኗ እናት ያገኘችውን ለልጇ የማታገኝበት አንዳችም ምክንያት የለም።